ዕድሜ የሚለው ሳጥን

ሐረጎ ጥምዝ ላይ ሚኒባሱ ሲያቃስት፣
ሙሄ ደርበውም አቃሰተ፤ እሱ ግን በሌላ ምክንያት።
ጭኑ ላይ ያለችው፣ አምና ሎሚ የምታህል እብጠት፣
ዘንድሮ ብርቱካን ሆናለች። ከዚያ በኋላ ምን እንደምትባል፣ ደፍሮ የሚናገር የለም ከቤት።
«የሽመና ማሽኑ ነው የመታኝ፣ በጥቅምት»
ይላል ለጠየቀው ሁሉ። ኮምቦልቻ፣ ፋብሪካው ውስጥ፣ ሃያ ዓመት
ክር የተበጠሰ እንደሆነ ከሃምሳ ማሽን መሃል በጆሮው የሚለይ፣
የገዛ ጅማቱ ሲላላ ምንም አልሰማም ወይ?

እኔ ከመስኮቱ ኋላ ነኝ። ጓንቴን አጥልቄ፣
ክንዱን በላስቲክ አስሬ፣ ደም ሥሩን በጣቴ ጠይቄ፣
ሁለት ብልቃጥ ሞላሁ፤ የአንዱ ክዳን ሐምራዊ፣ የአንዱ ቢጫ ነው።
«አቤት ቀይ!» አለ፣ «የእኛ ቀላሚ ስንት ዓመት ፈልጎ ያጣው!»

ወረቀቱን አየሁ፦ ስም፣ አድራሻ፣ ፆታ።
ዕድሜ የሚለው ሳጥን ባዶ ነው፤ የካርድ ክፍሉ ልጅ ዘልሎታል በአንድ አፍታ።
«ስንት ልበል?» አልኩት።
«እናቴ በሰባ ሰባቱ ነው ትል ነበር፣ ስንዴ የጫነ መኪና ሲገባ፤
አባቴ ደግሞ ከዚያ በፊት ነው፣ ገና ማሽላው ሲያብብ፣ ሳይመጣ ያ ሁሉ እንባ።
ሁለቱም አልፈዋል፤ እንግዲህ አንቺ አስታርቂያቸው።»
ሳቅን። የተሰለፉት አጉረመረሙ፤ ወንበሩን ለቀቀላቸው።

«ደሜ» ከሚለው ፊት «ዕ»ን ብታስቀምጥ፣ «ደ»ም ትንፋሽ ብትቀንስ፣
ዕድሜ ይሆናል። ይሄን ሳስብ ነበር መስታወቱ ላይ ጠብታዋን ሳፈስ።

ዶክተር ውድነሽ ካለፈው ወር ጀምራ ሁለት ቁጥር ትጠይቀኛለች ለይታ፦
ኒውትሮፊል፣ ለሊምፎሳይት ተካፍሎ። አንብባለች ማታ ማታ፦
የለስላሳ ሥጋ ካንሰር የያዘው ሰው ምን ያህል እንደሚቆይ
ደሙ ይጠቁማል ይባላል። «ይጠቁማል» አለች አስምራ፣ «አይፈርድም፤ ፈራጁ ሌላ ነው፣ ከላይ።»

ወንበሬን ሳብኩ። ቀለሙ ደርቋል፤ ዘይት ጠብ አደረግኩ።
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ መቁጠሪያውን በአውራ ጣቴ ቀጭ እያደረግኩ።
ኒውትሮፊል ገበያተኛ ነው፤ ሰኞ ገበያን የሞላ፣ ተጋፊ፣ ጓዙን ሦስት አራት ቦታ የቋጠረ እንደ ጥቅል፤
ሊምፎሳይት ዝምተኛ ነው፤ ክብ ፊት፣ ጥግ ይዞ የሚቀመጥ፣ አስታራቂ ሽማግሌ የሚመስል።
ከመቶው ሰባ ዘጠኙ ገበያተኛ። ሽማግሌዎቹ አሥራ አንድ።
ሰባት ከምናምን። ዶክተሯ የማትወደው መንገድ።

ሌላ መቶ ቆጠርኩ። ሕጉ ይፈቅዳል፤ ግን ለሕጉ ብዬ አልነበረም።
ሰባ ስድስት ለአሥራ ሁለት። ስድስት ከምናምን። ደስ አለኝ፤ ደስታዬ ግን አላማረኝም።
ይቺን ብቻ ብጽፍ ማን ያያል? ሁለቱም እውነት አይደሉ?
ዕጢው ደብተሬን ሲያነብ የሚለወጥ ይመስል አመሉ!
ደመርኩ፣ አካፈልኩ፦ መቶ ሃምሳ አምስት ለሃያ ሦስት። ስድስት ነጥብ ሰባት።
አልቡሚን ሁለት ነጥብ ስድስት፤ ሪኤጀንቱ ዛሬ ያልቃል፤ ለእሱ ግን ደረሰ፤ ይሄም ዕድል ከሆነ ይቆጠርለት።

ከሰዓት መስኮቱ ላይ ቆመ፣ ከዘራውን አስደግፎ ከግድግዳ።
«ደሜ ምን አለ?» አለኝ። ደሙን ጠየቀ? ወይስ «ደሜ» ብሎ ጠራኝ፣ እንደ ዘመድ እንግዳ?
«ሐኪሟ ትነግርሃለች» አልኩ። የሁላችንም መልስ ነው፤ የቀለለ፣ የተለመደ።
«አንቺ ግን አይተሽዋል» አለ። ዝም አልኩ። ዝም ብሎ ሄደ።

ከግቢው በር ላይ ሎተሪ አዟሪ ይዞት፣ ቁጥር ሲያማርጥ አየሁት፤
በሰባት የሚያልቀውን ወሰደ። ከዚያ የጦሳ ጉም ወረደና አጣሁት።

ውጤቱን ፈረምኩ። ቁጥሮቹን ከነነጥባቸው በየቦታቸው ጻፍኳቸው።
ዕድሜ የሚለው ሳጥን ላይ እስክሪብቶዬ ቆመ። እናቱ፣ አባቱ፤ አላስታረቅኋቸው።
ባዶውን ተውኩት።